ሦስተኛው አንባቢ

ብሎግ ጽፎ እንቅልፍ ያጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያስ እኔን እዩኝ። ኮምቦልቻ የሚያስተምሩን መምህር፣ «እያንዳንዳችሁ ብሎግ ክፈቱና ያያችሁትን ጻፉ። ምንም አትፍሩ! ዓለም ያንብባችሁ!» አሉን። ከሃያ ይታረማል።

እኔም ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ በራችን ላይ ቆሜ ያየሁትን ጻፍኩ፤ የመንገዱ መብራት ከጠፋ ወር አልፎታል። ለአባቴ አነበብኩላቸው።

«መብራቱን የሚያበራው ማነው?» አሉኝ።

«መንግሥት ነዋ።»

«ታዲያ ማንን መናገርህ ነው? በአላህ ይሁንብህ፣ አጥፋው!»

አጠፋሁት። ስለ ጎረቤታችን ውሻ ጩኸት ጀመርኩ፤ ጎረቤታችን የቀበሌው ሊቀ መንበር መሆናቸው ትዝ ሲለኝ እሱንም ተውኩት። በመጨረሻ ማንንም የማያስቀይም እውነት አገኘሁ፤ «ደሴ ይበርዳል፤ ኮምቦልቻ ይሞቃል።» እፎይ ብዬ ለጠፍኩት።

በማግስቱ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ብከፍተው፣ ከግርጌው «አንባቢ 3» ይላል። አንዱ እኔ ነኝ፤ አንዱ መምህሩ ናቸው። ሦስተኛው ማነው? ከብርድ ምን ሊያገኝ ነው የሚያነበኝ? «ይበርዳል» ማለት አገር ማማረር ይሆን እንዴ? ሙቀቱን ለኮምቦልቻ ብቻ መስጠቴስ አድልዎ ይባልብኝ ይሆን?

ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ታክሲው ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ራሱ የሚያውቀኝ መሰለኝ። እንደ ደረስኩ በቀጥታ መምህሩ ቢሮ ገባሁ።

«ቲቸር፣ ብሎጌን ያነበብነው እኔና እርስዎ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ሦስተኛ ሰው አለ።»

መምህሩ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «እኔ እኮ ገና አላነበብኩትም» አሉ።

ከዚያ ተነሥተው በሩን ዘጉና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«የኔን ስም ጽፈሃል እንዴ?»