አስር ብር የተባለው ድንጋይ

ቅጽ ሰውን መዋሸት ያስተምራል ብል ቅጽ የሚያዘጋጁ ወዳጆቼ ይቀየሙኛል። ይቀየሙ። እናንተም እኮ ሞልታችሁ ታውቃላችሁ። አጠገቡ ቀይ ኮከብ ያለበት ባዶ ሳጥን እስካልተሞላ ድረስ እንደ ኬላ ጠባቂ ገመዱን ዘርግቶ ይቆማል፤ እውነቱን ብትነግሩት አያሳልፍም፣ የሆነ ነገር ብትነግሩት ያሳልፋል። አንድ የማውቀው ገበሬ የኢሜይል አድራሻ አምጣ ሲባል ቢጨንቀው የበሬውን ስም አስጻፈ። አለፈለት።

እኔ ላሊበላ ውስጥ የአንድ የድንጋይ ጠራቢዎች ማኅበር ንብረት ክፍልም ሒሳብ ክፍልም ነኝ። ክፍል ስል አንድ ጠረጴዛ ማለቴ ነው። ዘጠኙ ጠራቢዎቻችን ከቀይ ድንጋይ ትንንሽ ቤተ ክርስቲያን ይቀርጻሉ፤ ተሳላሚውና እንግዳው ለመታሰቢያ ይገዛል። የጥንቶቹ አባቶቻችን ያን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ከአለት ፈልፍለው ሲያወጡ ወጪውን ማን እንደተመነላቸው አላውቅም። እኛ ግን በመዳፍ የምትያዘውን ለመሥራት ሶፍትዌር ያስፈልጋችኋል ተባልን።

ሶፍትዌሩን የለገሰን አንድ ደጋፊ ድርጅት ነው። የተሠራው ለትልልቅ ፋብሪካዎች የምርት ዕቅድ ነበር፤ ለእኛ የደረሰው፣ ለሰፊ ሰው የተሰፋ ኮት ለቀጭን ዘመድ እንደሚደርሰው ነው። ሊያስተምረን ከአዲስ አበባ የመጣው ናትናኤል ትሁት ወጣት ነበር። አጠገቤ ተቀምጦ በትዕግሥት አስረዳኝ።

«ጋሼ፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ መደበኛ ወጪ እናወጣለን። አንዷን ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት ድንጋዩ ይህን ያህል፣ ጉልበቱ ይህን ያህል፣ ካርቶኑ ይህን ያህል ሊፈጅ ይገባል ብለን አስቀድመን እንወስናለን። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ‹አፕዴት› እናደርገዋለን፤ እናድሰዋለን ማለት ነው። አዲሱ ዋጋ ለብቻው ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ‹አጽድቅ› የሚለውን ሲጫኑ አሮጌው ይሻርና በእሱ ላይ የቆመው ሁሉ ከታች ወደ ላይ እንደገና ይሰላል።»

ሹም ሽር ነዋ፣ አልኩ በልቤ። ይኸማ የማናውቀው ነገር አይደለም።

ካርቶኑን ሞላን። ጉልበቱን ሞላን። ድንጋዩ ላይ ስንደርስ ቆምን።

«በስንት ነው የምትገዙት?»

«አንገዛም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ አያ ፈንታው የሚባሉ ገበሬ ማሳ አለ። ማሳ ይባል እንጂ ከአፈሩ ድንጋዩ ይበዛል፤ ለማረሻ ጠላት፣ ለመሮ ግን ወዳጅ የሆነ ለስላሳ ቀይ ድንጋይ። አዝመራው ሲነሣ እንሄድና በድጅኖ ፈንቅለን በአህያ እንጭናለን። አያ ፈንታው ማሳቸው ስለጸዳላቸው ይመርቁናል፤ ባለቤታቸው ጠላ ያወጣሉ። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖርን። ውለታው የማን እንደሆነ የጠየቀም የመለሰም አልነበረም።

ናትናኤል ዜሮ ጻፈ። ሳጥኑ ቀላ። ልጁም አብሮ ቀላ።

«ወጪ የሌለው ጥሬ ዕቃ አይቀበልም» አለ እየተሽኮረመመ። «ለጊዜው የሆነ ቁጥር እንስጠው።»

ሊቀመንበራችን ጋሽ ወርቁ ከወንበራቸው ሳይነሡ «አስር በሉት» አሉ። ለምን አስር? ለአፍ ስለሚቀል ነዋ! እኔም ‹አጽድቅ› የሚለውን ተጫንኩና ፈጣሪ በነጻ የሰጠውን ድንጋይ በአንድ ጣት አስር ብር አስገባሁት።

እዚህ ላይ ቢቆም ማንም ባልተጎዳ። ግን ድርጅቱ ግልጽነት የሚባል አመል ነበረበት። የታደሰው የዋጋ ዝርዝር ታትሞ፣ ማኅተም አርፎበት፣ ሕዝብ በሚያየው ቦታ ይለጠፍ አለ። ጋሽ ወርቁ ማኅተሙን ራሳቸው መቱ። ማኅተም መምታት ይወዳሉ፤ ባዶ ወረቀት ቢያገኙም አይምሩም። በራችን ላይ ለጠፍነው።

ከሳምንት በኋላ አያ ፈንታው «ዘንድሮ ምነው ቀራችሁ?» ሊሉን ከተማ ወጡ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል የቆጠሩ ሰው ናቸውና የተለጠፈ ወረቀት ሳያነቡ አያልፉም። በሩ ላይ ቆመው፣ ጣታቸውን ከቃል ቃል እያስከተሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ።

«ድንጋይ፣ ቀይ፣ አንድ፤ አስር ብር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ምስጋናው፣ ይኸ ድንጋይ የማን ነው?»

«የእርስዎ ነዋ፣ አያ።»

«አስሩ ብርስ የማን ነው?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እኔ እውነቱን ተናገርኩ። ቁጥሩ የውሸት እንደሆነ፣ ኮምፒውተሩ ባዶ ሳጥን ስለማይወድ እሱን ለማባበል የተጻፈ እንደሆነ አንድ በአንድ አስረዳሁ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«የውሸት ከሆነ ማኅተሙን ምን አመጣው?» አሉ።

ጋሽ ወርቁ ከውስጥ ሳሉ።

በማግስቱ አህዮቻችን ሄደው ባዷቸውን ተመለሱ። እኔ ራሴ ወረድኩ። አያ ፈንታው ማሳቸው መካከል ትልቁ ድንጋይ ላይ፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። ያ ነው የባሰብኝ።

«ሃያ ዓመት» አሉ። «ሃያ ዓመት ንብረቴን ስትጭኑ ቆሜ መረቅኋችሁ። ልጆቼ ተባረኩ እያልኩ። ስትመለሱ አልሳቃችሁም?»

«አያ፣ በእግዚአብሔር፣ ማንም አልሳቀም።»

«ተወው። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል፤ የእኔ ጥፋት አለመጠየቄ ነው።»

ያቺን ሳቅ ዛሬም አስባታለሁ፤ ያልሳቅናትን ሳቅ። ብሩን ቢፈልጉ ኖሮ በዋጋ እንከራከር ነበር። ሰውዬው ግን ተታለልኩ ብለው ነበር፤ የተታለለ ሰው ደግሞ ቅናሽ አያደርግም።

የገና በዓል እየደረሰ ነበር። እንግዳ ከሳሳ ወዲህ የዓመት ቀለባችን የምትወጣው ተሳላሚው ለልደት ሲጎርፍ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። ጠራቢዎቹ መሮአቸውን ስለው ስለው ጨርሰው፣ የሚጠረብ አጥተው በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ጀመር። ሽማግሌ ላክን። ሦስት ሆነው ተቀመጡ፤ መካከላቸው አንድ ቄስ ነበሩ። ጋሽ ወርቁ ስለ ልማት ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። ቄሱ እስኪጨርሱ ጠበቁና ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ጽፋችኋል?»

«ጽፈናል፣ አባ።»

«ማኅተም አርፎበታል?»

«አርፎበታል።»

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። እንግዲህ ድንጋዩ አስር ብር ነው።»

ተፈረደ። አያ ፈንታው አመስግነው ተነሡ፤ እኛም አመሰገንን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንጋይ በቆጠራ፣ ብር በፊርማ ሆነ። ጠላው ቀረ፣ ምርቃቱም ቀረ። ፈንቅለን ስንጭን አያ ፈንታው ዳር ቆመው ይቆጥራሉ፤ እኛም እንቆጥራለን፤ ቁጥራችን ካልገጠመ ሁሉንም አውርደን እንደገና እንቆጥራለን። አህዮቹ እንኳ ግራ ገባቸው።

አስሩ ብር ከየት እንደሚመጣ የጠየቀ የለም፤ እናንተም አልጠየቃችሁም። ተሳላሚው ባለፈው ዓመት ዋጋ ካልሆነ ትቶን ይሄዳል፤ ካርቶን ሻጩ ሳንቲም አይቀንስም። ስለዚህ ከዘጠኙ ጠራቢዎች ድርሻ ላይ ተነሣ። እነሱ ሶፍትዌሩን አይተውት አያውቁም።

ገና አልፎ ለናትናኤል ስልክ ደወልኩለት። «ልጄ፣ ያችን አስር ወደ ዜሮ የምንመልስበት መላ ፈልግልን» አልኩት።

«ጋሼ፣ እንዴት ይሆናል?» አለ በቅን ልቡ። «አሁን እኮ በትክክል እየከፈላችሁ ነው። ዜሮ ብንጽፍ ውሸት ይሆናል!»

ምን ልበለው? ልጁ ልክ ነው። አንድ ዓመት ሳይሞላ ውሸታችን እውነት ሆኖ፣ እውነታችን ውሸት ሆኖ ተቀምጧል። አያ ፈንታውም ቢሆኑ ከዘመኑ ጋር ሄደዋል። የማሳቸውን ዳርቻ ማረስ ትተው ድንጋዩን ይጠብቁታል፤ ብቅ ሲሉም ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ «አብዴቱ መቼ ነው?» ይሉኛል።

በሰኔ ከድርጅቱ ደብዳቤ መጣ። ጋሽ ወርቁ ቆመው አነበቡልን። ከሚደግፋቸው ማኅበራት ሁሉ የታቀደው የጥሬ ዕቃ ዋጋና የተከፈለው ዋጋ አንድም ሳንቲም ያልተለያየው የእኛ ብቻ ነው ይላል። ለዚህ ትክክለኛ ትመና የሒሳብ ባለሙያው ምስጋና ይገባዋል፤ ልምዱንም ለሌሎች ያካፍል። ጠራቢዎቹ አጨበጨቡ። በገዛ ድርሻቸው ነው ያጨበጨቡት፤ አልነገርኳቸውም።

ልምዴን ላካፍል ወደ ኮን ከተማ ተላክሁ። አዳራሹ ብርድ ነው፤ ሰልጣኙ ጋቢውን ተከናንቦ ቅጹን ይሞላል፣ እኔ በየወንበሩ መካከል እዞራለሁ። ጠና ያሉ አንዲት ሸክላ ሠሪ እጃቸውን አወጡ።

«ጌታዬ፣ እኛ አፈሩን ከወንዝ ዳር ነው የምናመጣው። ገዝተነው አናውቅም። እዚህ ጋ ምን ልጻፍ?»

ብዙ ልላቸው እችል ነበር። ሁሉም ቀና ብሎ ያየኛል። የዕለቱ አበል ኪሴ ውስጥ ናት፤ ስሜ ከኋላዬ በትልቁ ተሰቅሏል።

«ባዶ አይተዉት» አልኳቸው።

«ባለቤት የለውም እኮ!»

«እስኪጻፍ ነው።»

ሳቁ። ከዚያ አጎንብሰው ጻፉ።