የተተኪዋ ቢራቢሮ ሹመት

ብዙ መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ የሚጽፉት ሥራው ከተሠራ በኋላ ነው። በጅቡቲ ከተማ የሚገኘው የእኛ መሥሪያ ቤት ከዚህ ኋላ ቀር ልማድ ከተላቀቀ ቆይቷል። እኛ ደብዳቤውን እናስቀድማለን፤ ሥራው በራሱ ጊዜ ይደርስበታል።

ለዚህ ምስክሩ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2009 የሆነው ነው። በእጃችን አንዲት ትንሽ ቡናማ ቢራቢሮ ነበረች። ከመቶ ዓመት በፊት አምቡሊ አትክልት ቦታ ተይዛ፣ በመርፌ ተወግታ፣ ባለመስታወት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠች ናት። የዝርያዋ ስም የታሰረው በእርሷ ነው፤ ክርክር ሲነሳ ሌላው ቢራቢሮ ሁሉ ከእርሷ ጋር ይመሳከራል። ከባሕር ማዶ አንድ ቤተ መዘክር ሊያያት ጠየቀ። ብትፈለግ ከነሣጥኗ የለችም። ቤተ መዘክሩም ሁለት ገጽ ጽፎ፣ ከዚያው ከጅቡቲ የተያዘች ተተኪ እንድንሰይም አሳሰበን። ዳይሬክተራችን አቶ አቡዘር፣ በጅቡቲ አጠራር ሙሴ አቡዘር፣ ጊዜ የማያባክኑ ሰው ስለሆኑ አንዱ ገጽ በቂያቸው ነበር።

ጥፋተኛውን ለማወቅ የተቋቋመው ኮሚሽን ሥራውን በአሥር ደቂቃ ጨረሰ። በመሥሪያ ቤቱ መጥረጊያ ያላት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እርሷም ጽዳት ሠራተኛዋ አልጋነሽ።

«ጠርገሽ ጥለሻታል» አሏት ሙሴ አቡዘር። ድሬዳዋ ስላደጉ ሲቆጡ በአማርኛ ነው።

«ሙሴ ይሙቱ፣ ሣጥን በመጥረጊያ ይሄዳል?»

«እሱን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

የስንብት ደብዳቤዋ በዕለቱ ተጽፎ መሳቢያ ገባ። ዋናዋ ቢራቢሮ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተገኘች ይሰጣታል። ያለ ሥራ የመኖሪያ ፈቃዷ አይታደስም፤ ፈቃዱ ካልታደሰ ደግሞ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር አሥራ አንድ ዓመት የኖረችበትን ክፍል ለቅቃ ወደ አገሯ ድንበር መሻገር ነው።

ተተኪ የሚሰይመው ኮሚቴ ሁለት ሳምንት ስለ መመዘኛው መከረ። ዕጩዋ ክንፈ ሙሉ፣ መልከ መልካምና የመሥሪያ ቤቱን ክብር የምትመጥን እንድትሆን ተወሰነ። ወጥቶ መያዝ በሐምሌ ፀሐይ የሚመከር ስላልነበረ ማስታወቂያ ተለጠፈ። አንድም ቢራቢሮ አላመለከተም።

ኮሚቴው ተስፋ በቆረጠበት ቀን፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ እንደ ወትሮው ጫት መጣ። ሙሴ አቡዘር እስራቸውን ሲፈቱ ከቅጠሉ መሃል አንዲት ትልቅ ቢጫ ቢራቢሮ ሞታ ወደቀች።

«ጻፍ!» አሉ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ኃላፊ ባሺርን። «የተያዘችበት ቦታ፣ ጅቡቲ፣ ማዕከላዊ ገበያ አጠገብ።»

«ሙሴ፣ ጫቱ እኮ ከአወዳይ ነው የመጣው።»

«እሷ አሁን የት ናት?»

«እጅዎ ላይ።»

«እጄስ የት ነው ያለው?»

«ጅቡቲ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«የጠፋችው ግን ቡናማ ነበረች።»

«ይቺ ደግሞ አድጋለች።»

ቃለ ጉባኤው በሦስት ማኅተም ጸደቀ። አንደኛው ማኅተም ግራ ክንፏን ስለነካ ትክክለኛነቷ ይበልጥ ተረጋገጠ።

በወሩ የመጨረሻ ቀን ጠዋት አልጋነሽ ከሙሴ አቡዘር ወንበር በላይ የተሰቀለውን የሹመት ወረቀታቸውን ስትወለውል ምስማሩ ለቀቀ። ፍሬሙ ወድቆ ጀርባው ተከፈተ። ፍሬም ያልነው ሣጥን ነበር። ከሹመቱ ወረቀት ኋላ ቡናማዋ ቢራቢሮ በመርፌዋ እንደተወጋች ተቀምጣለች።

«ይቻትና!» አለች አልጋነሽ እየጮኸች። «ኧረ ተመስገን! መለያ ወረቀቷም አለ፤ ባሺር፣ አንብበው እስቲ!»

«አምቡሊ ይላል» አለ ባሺር። «ሙሴ፣ ያኔ ሲሾሙ ጥሩ መስታወት ያለው ነገር አምጣ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

ከዚያም የቤተ መዘክሩን ደብዳቤ አውጥቶ፣ እስከዚያ ቀን ማንም ያልገለጠውን ሁለተኛ ገጽ አነበበ። ዋናዋ ከተገኘች የተተኪዋ ስያሜ ወዲያው ይሻራል።

ሙሴ አቡዘር መሬት የወደቀውን ሹመታቸውን አዩ።

«የት ተገኘች ብለን ልንጽፍ ነው?»

ሹመታቸውን አንስተው አቧራውን አራገፉና ወደ ባሺር ዞሩ።

«ከተተኪዋ ጋር አመሳክራት።»

«ይቺ ቡናማ ናት» አለ ባሺር።

«ተተኪዋስ?»

«ቢጫ።»

«ማኅተም አላት?»

«የላትም።»

«እንግዲህ አስመሳይ ናት። አልጋነሽ፣ ጥረጊያት።»

«እኔ ነኝ የምጠርጋት?»

«መጥረጊያው ማን ጋ ነው?»

አልጋነሽ ባሺርን አየችው። ባሺር ጫማውን አየ። ጠረገቻት።

ከመሳቢያው የወጣው ደብዳቤ «ዋናዋን ቢራቢሮ ጠርጋ በመጣሏ» ይላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት ትንሽ ጉድለት ብቻ ነበረችበት፤ እውነት አልነበረም። በዚያን ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ያቺ ጉድለትም ተሟላች።