ሙላትን የት እናሳክመው?

በእኛ አገር ሰው ሲታመም ሐኪም የማይሆን ዘመድ የለም። ጉንፋን የያዛችሁ ጊዜ ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ዝንጅብል ያዛል፣ አንዱ ጤና አዳም፣ አንዱ ደግሞ መርፌ ካልተወጋህ ብሎ ይቆጣል። የመጠጥ ነገር ሲነሳ ግን ሁላችንም ፕሮፌሰሮች ነን። ደባርቅ ውስጥ በመጠጥ ልምድ የሌለው ሰው ማግኘት ይቸግራልና። ብርዱ ራሱ ነው የሚያሠለጥነን።

ሙላት ጎረቤቴ ነው፤ አጥራችን አንድ ነው። ሥራው በቅሎ ማከራየት ነው፤ የፈረንጅ ጓዝ ጭኖ ከደባርቅ ተራራው ላይ ወዳለው ሳንቃ በር ይነዳል። ፈረንጁ መንገዱን ፈርቶ የቀረ ጊዜ በቅሎዋ ሰባች፣ እሱ ከሳ። ሥራ የፈታ ሰው ቤቱ ይውላል፤ የሙላት ቤት ደግሞ አረቄ ቤት ነው። ሚስቱ ትርንጎ የምታወጣውን አረቄ ለመቅመስ ከዳባት ድረስ የሚመጣ ሰው ነበር። እኔም ሩቅ ስላልሆነ እሄድ ነበር። ሙላት መጀመሪያ ለጨዋታ፣ ቀጥሎ ለብርዱ፣ ኋላ ደግሞ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ብሎ ከጠዋት ጀምሮ መጠጣት ያዘ። አንድ የገበያ ቀን በቅሎዋ ብቻዋን ተመለሰች። እሱን ከመንገድ ዳር ቦይ ውስጥ አነሱት። ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ይህን ወግ ሳይሆን ሌላ ነገር ነበር የምጽፈው።

በማግስቱ ዘመድ ተሰበሰበ። አጎቱ መሪጌታ ከደረስጌ መጡ፤ ዳባት ቢሮ የሚሠራው ታላቅ ወንድሙ ዳኘውም መጣ። ስለ መጠጥ ልንመክር በተቀመጥን ሰዎች ፊት ጠላ ቀረበ። ማንንም አልገረመውም። እኔን ራሴን የገረመኝ ሁለተኛውን ብርጭቆ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

መሪጌታ ጠበል ነው መፍትሔው አሉ። ዳኘው አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል የሱስ ማገገሚያ በስልኩ አሳየን፤ የአትክልቱ ቦታ፣ ግድግዳ የሚያክለው ቴሌቪዥን፣ ለስላሳው ፍራሽ። ምስሉን ካየሁ በኋላ እኔም ሱሰኛ መሆን አማረኝ። ሌላው ዘመድ ደግሞ ክፍል ውስጥ ቆልፈንበት ይወጣለታል አለ፤ ወጪ የሌለው ሐሳብ ስለሆነ ብዙ ደጋፊ አገኘ። እኔ ጎንደር ሆስፒታል ይሻላል ብዬ ነበር፤ የሰማኝ ግን የለም። ሙላት ጋቢውን ተከናንቦ ጥግ ላይ ተቀምጧል። በዚህ ዘመን ሙሽራ እንኳ ፈቃዷ ይጠየቃል፤ እሱን ግን ማንም አልጠየቀውም።

ማሰሮ ይዛ የቆመችው ትርንጎ ናት የጠየቀችው። «አንተስ የት ብትሄድ ትወዳለህ?»

ሙላት ጋቢውን ከፊቱ ገለጥ አደረገ። «ብርጭቆ ሲንኳኳ የማይሰማበት ቦታ» አለ።

ሁላችንም ብርጭቆአችንን ቀስ አድርገን አስቀመጥን።

መጀመሪያ አዲስ አበባ ተደወለ። ድምፁ የሚጣፍጥ ሰው አነሳ፤ የታማሚውን ስም ሳይጠይቅ ክፍያው ሙሉ በሙሉ በቅድሚያ መሆኑን አስረዳ። ትርንጎ፣ ቤቱ ከተመለሰ በኋላስ ማን ይከታተለዋል ብላ ጠየቀችው። ሰውየው ሳቅ ብሎ፣ ሥራችን አስተማማኝ ነው፣ ዋስትና አለው አላት። አመስግና ዘጋች። መስታወቱ የተሰነጠቀውን ስልኳን እያየች፣ ይሄን የሸጠልኝ ሰውም እንዲሁ ብሎኝ ነበር አለችን። የአዲስ አበባ ነገር በዚሁ አበቃ፤ ዳኘው እስከ ዛሬ ይቆጨዋል።

ስለዚህ ጎንደር ሄድን፤ እሷ፣ ሙላትና እኔ። ነርሷ መጠጥ ከጀመረ ስንት ጊዜው እንደሆነና በቀን ምን ያህል እንደሚጠጣ ጠየቀችው። ዘመድ ክፍል ውስጥ ሊቆልፍበት ማሰቡን ስትሰማ ደነገጠች። እንዲህ የለመደ ሰው በድንገት ካቆመ ይንቀጠቀጣል፣ ሊሞትም ይችላል፤ ተኝቶ በመድኃኒት ነው የሚያቆመው፣ ከዚያም በየቀጠሮው እየመጣ ምክር ይከታተላል አለችን። ጠበሉንም ይጠመቅ፣ መድኃኒቱን ግን እንዳያቋርጥ አለች። ሁለቱንም ወገን የምታስታርቅ ሰው ናት። ቀጥላ ወደ ትርንጎ ዞረች።

«የሚመለሰው ወደ እርስዎ ቤት ነው። ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ንግድ።»

«የምን ንግድ?»

«የእህል» አለች ትርንጎ።

እኔ ወለሉን አየሁ። ውሸት ነው አይባልም፤ አረቄ የሚወጣው ከእህል ነው። የትርንጎ ነጠላ የአረቄ ሽታ ነርሷን ያገኛት መሰለኝ፣ ብዕሯን አስቀመጠች።

«እንግዲያው እህሉን እንደ እህል ይሽጡት» አለቻት።

ገንዘቡን አዘጋጅተን እንድንመጣ ተቀጥረን ሦስታችንም ተመለስን። ያላት ሀብት ሁለት ነው፤ የባሏ በቅሎና ከእናቷ የወረሰችው የአረቄ ማውጫ። ለአልጋው፣ ከሆስፒታሉ ውጭ ለሚገዛው መድኃኒት፣ ጎንደር ለአስታማሚ ማደሪያ ከሁለቱ አንዱ መሸጥ አለበት። ዘመድ በአንድ ድምፅ በቅሎዋ ትሸጥ አለ። አረቄውማ እንጀራዋ ነው፣ ደግሞም የት ልንጠጣ ነው? ይህን የመጨረሻውን ማንም አላለውም፤ ፊታችን ላይ ግን ይነበብ ነበር።

«በቅሎዋ ከተሸጠች፣ ድኖ ሲመጣ ምን ሊነዳ ነው?» አለች ትርንጎ።

የመጨረሻውን አረቄ አወጣች። ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ ደንበኛው ጎረፈ። ለታማሚ መርዳት ነዋ! በጎ አድራጎት እንዲህ ጣፍጦ አያውቅም። የአንዱን ስካር ለማሳከም ስንቱ እንደሰከረ እግዚአብሔር ይወቀው። ሲያልቅ ጋኑንና መቃውን አጥባ፣ ደግማ አጥባ፣ መታጠፊያው ላይ አረቄ ለምትነግደው ለየሺ ሸጠችው። ሲወስዱት እደጅ አልወጣችም።

ሙላት በዚያ ገንዘብ ጎንደር ተኝቶ ታክሞ ሲመለስ ፊቱ ቢገረጣም እጁ ጸንቶ ነበር። ቤቱ ዳቦና ሻይ ቤት ሆኗል። ጋኑ የነበረበትን ጥግ አየና የት ሄደ አላት። ሸጥኩት አለችው። ለማን? ለየሺ። የየሺ ቤት ከሥራ ሲመለስ የሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። ሙላት በሩ ድረስ ሄዶ ወደ መታጠፊያው አየ።

«እንግዲያው መንገዴን እቀይራለሁ» አለ።

ከዚያ ወዲህ ከሳንቃ በር ሲመለስ በየሺ ደጅ አያልፍም፤ በቅሎዋን እየሳበ በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ዞሮ ይገባል። ከተማው ይህን አይቶ ሙላት መነኩሴ ሊሆን ነው አለ። መሪጌታ ጠበሉ ነው ይላሉ። ዳኘው፣ አዲስ አበባ ቢሆን ይፈጥን ነበር ይላል። የየሺ ደንበኞች ደግሞ እኛ ባንጠጣ ማን ይከፍልለት ነበር እያሉ ውለታቸውን ያወራሉ። እኔም፣ ልደብቃችሁ አልችልም፣ ጎንደር ያልኩት እኔ ነኝ እያልኩ እዞራለሁ።

ባለፈው አመሻሽ ላይ ሻይ ልጠጣ ገባሁ። ደንበኛ የለም፤ ዳቦው ግማሹ አልተሸጠም። ትርንጎ በሩ ላይ ቆማ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በኩል ታያለች። ላጽናናት ብዬ፣ እንግዲህ ሙላት ድኗል፣ ምን ያሳስብሻል አልኳት። ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም። ቆይቶ የበቅሎዋ ኮቴ ከጓሮ በኩል ተሰማ፤ ሙላትም ኮርቻውን ተሸክሞ ገባ። እሷ ያኔ ከበሩ ተመለሰች።

«ዳነ አይበሉ፣ ጋሼ» አለችኝ ሻዩን እየቀዳችለት። «ዛሬም ገባ ይበሉ።»