የብሳናው እባብ

ግንቦት መግቢያ ላይ፣ ከእንጅባራ ወደ ዘንገና በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አያ ፈንታ የሚባሉ ገበሬ ቀኝ እጃቸውን አንድ ያረጀ ብሳና ሽንቁር ውስጥ ከተቱ። ከውስጥ የሆነ ነገር «ስስስ» አለ። መንጭቀው ሲያወጡት የሽንቁሩ አፍ እጃቸውን ጫረው። በእርግጠኝነት የሆነው ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ በኋላ የመጣ ነው።

በዜና ሥራ ብዙ የቆየ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ወሬ ገበያ ወጥቶ ከስቶ አይመለስም። እኔ አሁን አሁን ማስተባበሉ ይደክመኛል። ቢሆንም ሌላ ሥራ አልለመድኩም።

አያ ፈንታ እጃቸውን የከተቱት ግንዱ ምን ያህል እንደበሰበሰ ለማወቅ ነበር፤ ሊቆርጡት ነው። ብሳናው የቆመው በሟች ወንድማቸው ሚስት፣ በእትዬ አለሚቱ መሬት ላይ ነው። ወንድማቸው ከሞቱ ወዲህ መሬቱን የሚያለሙት እሳቸው ናቸው፤ የሚገኘውን እኩል ይካፈላሉ። የሚያለሙት ደግሞ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ዲከረንስ ነው። ዲከረንስን ታውቁታላችሁ፤ ተተክሎ አራት አምስት ዓመት ሲሆነው ከሰል ሆኖ በመኪና የሚሄድ ዛፍ ነው። አዊ ዛሬ ከኮረብታ ላይ ሆነው ቢያዩት አረንጓዴ ነው። ከዚያ ሁሉ ዛፍ ግን ሽንቁር እስኪያወጣ ድረስ ዕድሜ የሚሰጠው የለም። ያረጀ ዛፍ ያለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው። እና እትዬ አለሚቱ ማሳ ላይ።

ብሳናው ችግኙን ፀሐይ ይከለክላል አሉ አያ ፈንታ። እትዬ አለሚቱ «ተዉት፣ ላሟ ታርፍበታለች» ብለዋል። አንዴ። ሁለተኛ አላሉም። መሬቷን የሚያለማላትን ዋርሳዋን ደጋግማ እንቢ የምትል ባልቴት እኔ አላየሁም፤ እናንተ ካያችሁ ንገሩኝ።

እጃቸው በተጫረ በመጀመሪያው የእንጅባራ ገበያ ጭረቱ ንክሻ ሆነ። በሚቀጥለው ገበያ እባቡ ወደ ዘንዶ አደገ። ሰውየው በእግራቸው ቆመው መታየታቸው ወሬውን አላደከመውም፤ በጠበል ነው የዳኑት ተባለ። «ኧረ አልተነከስኩም» ሲሉ፣ «ጠበሉ ነው ያስረሳዎት» ብሎ የሚመልስላቸው አልጠፋም። ዛፉን ሊቆርጡ መጋዝ ይዘው የመጡት ሁለት ሰዎችም ወሬውን ሰምተው እንደሄዱ ቀሩ። አያ ፈንታም ቢሆኑ ድምፁን በጆሯቸው ሰምተዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እሳቸውም ከግንዱ ራቁ። ብሳናው እንደቆመ ቀረ።

እኔ ነገሩን የሰማሁት ስለ ከሰል ልዘግብ በሄድኩበት ነው። በማግስቱ በባጃጅ ተመለስኩ፤ የእትዬ አለሚቱን በርጩማ ተውሼ ከዛፉ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ያላየሁትን አልጽፍም። ግማሽ ቀን ሙሉ እባብ የሚባል አልወጣም። የመጣችው ጀርባዋ ነጣ ያለ፣ መዳፍ የማትሞላ ጥቁር ወፍ ናት። አትዘምርም፣ አትንጫጫም፤ ትል በአፏ ይዛ ግራ ቀኙን ታይና ሹልክ ብላ ትገባለች።

ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥቼ ወፍ የሚያጠና ወዳጄ ጋ ደወልኩ። ይህች ወፍ፣ አለኝ፣ ራሷ ግንድ አትቦረቡርም፤ ግንደ ቆርቁር ሠርቶ የለቀቀው ውስጥ ወይም በበሰበሰ ግንድ ውስጥ ትገባለች። እንጅባራ ቤት የተከራየ ሰው ኑሮዋ ይገባዋል። ከእሷ የሚበልጥ እንዳይገባ ጠባቡን በር ትመርጣለች። ቅርንጫፍ ላይ ጎጆ የሠራች ወፍ ጠላት ሲመጣ ትበራለች፤ የሽንቁሯ ግን መውጫዋ አንድ ነው። በሩ ላይ እጅ ካለ የት ትሄዳለች? ስለዚህ እንቁላሏ ላይ እንደተኛች፣ በጨለማው ውስጥ፣ እንደ እባብ «ስስስ» ትላለች። ጫጩቶቿም ለመውጣት አይቸኩሉም፤ ክንፋቸው እስኪጠና ይቆያሉ። ኩሳቸውን እንኳ በአፏ እያወጣች ራቅ አድርጋ ትጥላለች። በአጭሩ፣ መዳፍ የማትሞላ ወፍ ሁለት ጎልማሶችን ከነመጋዛቸው መልሳለች።

ደስ አለኝ፤ አልደብቃችሁም። አያ ፈንታን አስጠርቼ በስልኬ የቀረጽኩትን አሳየኋቸው። ደጋግመው አዩና ሳቁ፤ ለእትዬ አለሚቱ በአገውኛ የሆነ ነገር አሏቸው። እትዬ አለሚቱ አልሳቁም።

«እርግጠኛ ነህ ልጄ?» አሉኝ።

«በዓይኔ አይቻለሁ፣ እትዬ።»

«ወፏስ ትኑር። እባቡ ከሥር ቢኖርስ?»

«እባብ ካለ ወፏ አትኖርም» አልኳቸው፣ እንደ አስተማሪ።

«እንግዲህ በዓይንህ ካየህ» አሉና ወደ ላማቸው ሄዱ።

ዘገባው በአካባቢው ሬዲዮ ተላለፈ። ሰው ወደደው። ሰኔ መጨረሻ ላይ በዚያ ሳልፍ ብሳናው ጉቶ ሆኗል፤ ዙሪያው የችግኝ ጉድጓድ ተቆፍሯል። አያ ፈንታ አካፋቸውን ተደግፈው ሰላም አሉኝ። «ጫጩቶቹ እስኪወጡ ጠብቄያለሁ» አሉኝ። «ጊዜያቸውን የነገርከኝ አንተው አይደለህ? እኔም ልጆች አሉኝ።» ክፉ ሰው አይደሉም። ማስረጃ ቀረበላቸው፤ በማስረጃው ሠሩ። እኔስ ስንት ዓመት የለፈለፍኩት ሰው እንዲህ እንዲያደርግ አይደል?

ነሐሴ ላይ እትዬ አለሚቱን እንጅባራ ገበያ ድንች ሲሸጡ አገኘኋቸው። ስለ ላሟ ጠየቅኩ። ዝናብ ላይ ትቆማለች አሉኝ። ስለ ዛፉ ማዘኔን ልነግራቸው ስጀምር አቋረጡኝ።

«ወፏን ሦስት ዓመት አውቃታለሁ» አሉ፣ የድንቹን አፈር እያራገፉ። «ፈንታን እባብ ነከሰው ብዬ እዚሁ ገበያ ያወራሁት እኔ ነኝ።»

ግማሽ ቀን በርጩማ ላይ ተቀምጬ ወፍ ቆጥሬያለሁ፤ ተመራማሪ አማክሬያለሁ። ወሬውን ማን ጀመረው ብዬ ግን አልጠየቅኩም።

«ታዲያ ያን ቀን ምነው ሳይነግሩኝ?» አልኳቸው።

«ጋዜጠኛ ነኝ ስትለኝ፣ ልጄ፣ እንዴት ልንገርህ?»