ኮፈን ሲከፈት የሚመጡት ሰው

የመኪና ኮፈን በተከፈተ ቁጥር፣ ከየት መጣ ሳይባል፣ አንድ ሰው አጠገቡ ይቆማል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለው መንደር በዓለም ላይ የለም፤ ካለም መኪና የሌለው መንደር ነው። ሰውየው እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል፣ አንገቱን ያሰግጋል፣ ማንም ሳይጠይቀው ይመልሳል።

ውርጭ በማያውቅ የደሴቶች አገር፣ በሲንጋቶካ ሸለቆ ላይኛው ጫፍ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር ኔማኒ ናቸው። ሊቀ ኮፈን ኔማኒ። ከሌላ ደሴት በጋብቻ የመጡ፣ ትከሻቸው በር የሚሞላ፣ ከግልድማቸው እጥፋት ካቻቢቴ የማይጠፋ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱም ካቻቢቴው አብሯቸው ይሳለማል።

የክቡርነታቸው ምርመራ አንድ ብቻ ነው። ምላሳቸውን በላንቃቸው ይመቱና «ቴስታታው ነው!» ይላሉ፤ የሞተሩ ራስ አልቆለታል ማለታቸው ነው። የቄሱ ሚኒባስ አልነሳ አለ፤ ቴስታታው ነው። ባትሪው ሆኖ ተገኘ። የትምህርት ቤቱ ጄኔሬተር ጠፋ፤ ቴስታታው ነው። ናፍጣ አልቆበት ነበር። አንዴ የመዘምራኑ ኦርጋን ድምፁ ታፈነ፤ ክቡርነታቸው ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡና ምላሳቸውን ሊመቱ ሲሉ ሚስታቸው በክንዳቸው ጎትተው ወሰዷቸው።

ጎረቤታቸው፣ ገበሬዋ ቫሲቲ፣ ይህን ሁሉ ትችላለች፤ ምርጫ የላትም። ኔማኒ ታኡቩዋ ናቸው። የእሳቸው ደሴት ሰዎችና የእሷ ወገኖች ከቅድመ አያት ጀምሮ ታኡቩ ናቸውና ያለ ይሉኝታ ይሰዳደባሉ፤ አንዱ ከሌላው ቤት ያማረውን አንስቶ ይሄዳል፤ የተወሰደበትም ይስቃል እንጂ አይቆጣም። የተቆጣ ተሸነፈ።

የቫሲቲ መኪና ከኋላው ሳጥን የሚጫንበት አሮጌ ባለ ናፍጣ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ደበርጃንና ፓፓያ ጭና ተራራውን ታቋርጥና ባሕር ዳር ላለው ሆቴል ማድ ቤት ታስረክባለች። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መኪናው ዳገት ላይ መፍላት ጀመረ። ሜዳ ላይ ጨዋ ነው። ዳገቱ ሲጀምር የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀዩን ይነካል፣ እንፋሎት ይወጣል፣ ቫሲቲ ቆማ ታቀዘቅዛለች፣ ውሃ ትሞላለች፣ ትዘገያለች። የሚገርመው ከሥሩ አንድ ጠብታ አይፈስም፤ ውሃው ግን ይጎድላል።

ዋናው ወጥ ሠሪ ራምሱንደር ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነው። «እህቴ፣ ደበርጃንሽን የመሰለ የለም» አላት። «ግን እንግዶቼ ደበርጃን እስኪደርስ አይጾሙም። አንድ ጊዜ ደግሞ ብትዘገዪ ከታች ሸለቆ ሌላ ሰው እይዛለሁ።» ባሏ ጆሳያ ደግሞ ቁርጡን ተናገረ፦ ቴስታታው ከሆነ መኪናውን ለቁራሌ መስጠት ነው። የቫሲቲ እርሻ በክቡርነታቸው ምላስ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ክቡርነታቸው ግን ሳይቸኩሉ ከሌላው ጀመሩ። በመጀመሪያ የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት ነቅለው አወጡ። «ይሄ ውርጭ ላለበት አገር ሰው የተሠራ ነው» አሉ። «እኛ ጋ ውርጭ አለ? የለም። እንግዲህ ምን ያደርጋል?» ከዚያ ወዲያ ሞተሩ ጠዋት አልሞቅ ብሎ መንደሩን በጭስ አጠነው፤ ዳገቱ ላይም እንደ ድሮው ፈላ። ቫሲቲ እየተሳደበች አስመለሰችው። ቀጥሎ የማራገቢያውን ቺንጋ አጠበቁት፤ እንደ አሳማ ግልገል ጮኸ። ከዚያ የራዲያተሩን ፊት አንድ ቀን ሙሉ በጥርስ ብሩሽ አጸዱት። የማን የጥርስ ብሩሽ እንደሆነ አልተጠየቀም። መኪናው ፈላ።

ዓርብ ከሰዓት ቫሲቲ መኪናውን ለሙከራ ዳገቱ ድረስ ወስዳ እየተንተከተከ መለሰችው። ኮፈኑን ገና አልደገፈችውም፣ ክቡርነታቸው ቆመዋል።

«አላልኩሽም? ቴስታታው ነው።»

«አንተ የተቀቀለ ካሳቫ፣ ነገ እኮ ቅዳሜ ነው! ሌላ ቃል አታውቅም?»

«አንቺ የወንዝ ዳር እንቁራሪት፣ ዛሬ ማስረጃ አለኝ። የቴስታታው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ሲበላ የሞተሩ ግፊት ውሃው ውስጥ ይገባል። ያኔ ይሄ የላይኛው የጎማ ቱቦ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። አሁን ልጨብጥልሽ።»

ጨርቅ ጠቀለሉና ጨበጡት። ቱቦው በመዳፋቸው ውስጥ ሟሸሸ።

ክቡርነታቸው ጨርቁን ገልጠው ከሥሩ አዩ።

«ምነው? ድንጋዩ የት ገባ?»

«ቆይ።» ደግመው ጨበጡ።

ቫሲቲም በጨርቁ ላይ እጇን ጨመረች። «እንደ ሆድህ የለሰለሰ ነው» አለች።

«እንዲህ ግሎ መለስለስ የለበትም» አሉ ለራሳቸው ያህል። «ግፊት የለውም። ግፊት ካልያዘ ውሃው ቶሎ ይፈላል። በላይ በኩል ተንፍሶ ያመልጣል…»

ዓይናቸው በቱቦው ሄዶ ሄዶ የራዲያተሩ ክዳን ላይ ቆመ። በአንገቱ ዙሪያ ውሃ ወርዶ የደረቀበት ነጭ መስመር ነበር። እስኪበርድ ጠብቀው ከፈቱት። የውስጡ ጎማ እንደ በጋ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል።

«ማነው ይሄን ቆሻሻ እዚህ የከደነው?» ብለው ደነፉ። «ስንት ቀን ያለፋን ይሄ ነው! ማነው?»

ቫሲቲ ክዳኑን ተቀብላ አገላበጠችው። ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ቀለም አለ። በመንደሩ ሰማያዊ መኪና አንድ ብቻ ነው፤ ማንጎው ሥር በድንጋይ ላይ የተቀመጠው የክቡርነታቸው ጭነት መኪና። መኪናዋ መፍላት ከመጀመሩ በፊት አንድ ቀን ጠዋት መጥተው፣ ዓይኗ እያየ አዲሱን ክዳን ፈትተው በግልድማቸው ሸጉጠው፣ የራሳቸውን ከድነውላት ሄደው ነበር። ስቃ ነበር የሸኘቻቸው።

«አንተ ነህ» አለች።

ክቡርነታቸው ጎንበስ ብለው ቀለሙን አዩት። በጥፍራቸውም ፋቅ አደረጉት።

«ለመሆኑ ያንተ መኪና ክዳን ምን ያደርግለታል? ጎማ እንኳ የለው!»

«ሲነሳ በሙሉ ዕቃ እንዲነሳ ነዋ» አሉ ቀስ ብለው።

ቫሲቲ ልትቆጣ ምንም አልቀራትም ነበር። መኪናው ለቁራሌ ሊሄድ ነበር፤ ሆቴሉ ሊያመልጣት ነበር። ግን የተቆጣ ተሸነፈ። ማንጎው ሥር ሄዳ አዲሱን ክዳኗን ከሰማያዊው መኪና ፈታች። ስትመለስ በማድ ቤታቸው በኩል አልፋ ለእራት የተጣደውን የጎደሬ ድስት ከነክዳኑ አንስታ ሄደች። ክቡርነታቸው ሳቁ፤ ሌላ ምን ይደረጋል።

በማግስቱ ጠዋት ስትወጣ ክቡርነታቸው የፊት ወንበሩ ላይ ውሃ የሞላ ጀሪካን በጉልበታቸው መሃል ይዘው ተቀምጠዋል።

«ማን ጠራህ?»

«በሽተኛ ያለ ሐኪም መንገድ አይወጣም።»

ዳገቱን ሲወጡ ክቡርነታቸው ጀሪካኑን አቅፈው ነበር። ዓይናቸው ከቀስቱ ላይ አልተነቀለም። ቀስቱ መሃል ላይ እንደቆመ ተራራውን ተሻገሩ። ቫሲቲ ደግሞ እየነዳች ወሬዋን ታዘጋጅ ነበር፦ መኪና አበላሽቶ፣ ማን እንዳበላሸው ሲፈልግ የከረመ ሰው ወሬ። ማድ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ታኡቩ ለታኡቩ እንዲህ ያለ ሲሳይ በዕድሜ አንዴ ቢሰጠው ነው።

ራምሱንደር ሳጥኖቹን አየ፣ ሰዓቱን አየ። «ደረስሽ» አለ። «በይ የሚመጣው ቅዳሜም ያንቺ ነው። መኪናው ምን ሆኖ ነው የከረመው?»

ክቡርነታቸው አንዲት ፓፓያ አንስተው እያገላበጡ ይመረምሩ ጀመር።

«የራዲያተር ክዳን ነው» አለች ቫሲቲ።

«ማን አገኘው?»

ወሬው ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ፓፓያዋ በክቡርነታቸው እጅ ውስጥ ቆመች።

«እሱ» አለች። ውሸት አልነበረም።

ሲመለሱ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ክቡርነታቸው ድምፃቸውን አገኙ። ወደ መለኪያው ጎንበስ ብለው መስታወቱን በጣታቸው መቱት። ደግመው መቱት። ምላሳቸውንም መቱ።

«ቫሲቲ፣ ይሄ መለኪያሽ ተበላሽቷል።»

«ምን ሆነ ደግሞ?»

«ቀስቱ አይንቀሳቀስም። ዳገቱን ሙሉ እያየሁት ነው፤ ንቅንቅ አላለም።»

ቫሲቲ ማርሽ ቀነሰች። መኪናው ያለ አንዳች እንፋሎት ኩርባውን ወጣ።

«ነገ እሑድ ነው» አለች። «ሰኞ መጥተህ እይልኝ።»