ሐዘን አራሚው መምህር

ለመሆኑ ሐዘንን እንደ ፈተና ወረቀት የሚያርም ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በጃንሆይ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ላይ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬም አፌን እንደከፈትኩ ነኝ።

ሰውዬው አዲስ አበባ ሳይኮሎጂ ተምሮ የመጣ መምህር ነው። ትምህርቱ፣ ሰውን የሚጎዳው የደረሰበት ነገር ሳይሆን ስለ ነገሩ የሚያስበው ነው ይላል። ይሁን፤ ክፍል ውስጥ ቢያስተምረው ማን ከለከለው? እሱ ግን ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ ባላቸውን ቀብረው ደረታቸውን ሲደቁ፣ ከለቀስተኛው መሐል ብድግ አለና፣ «እትዬ፣ ያስለቀሰዎት ሞቱ አይደለም፤ ሐሳብዎ ነው። እሱን ያስተካክሉ» አላቸው።

በስመ አብ! የአልቃሿ ግጥም አፏ ላይ ቀረ። ቄሱ እንኳ መስቀላቸውን ጨብጠው አማተቡ። እትዬ ጥሩነሽ ብቻ ትክ ብለው አዩት።

ዓመት ሳይሞላ የመምህሩ አባት ሞቱና የትውልድ አገሩ ሉማሜ ድረስ ሄደን ለቅሶ ደረስን። ምን ብናይ ጥሩ ነው? ያ ሊቅ መሬት ላይ እየተንከባለለ «አባዬ! አባዬ!» እያለ ይጮኻል። አምስት ሰው ይዞት አልቻለም።

እትዬ ጥሩነሽ ሰዉን ገፍተው ገቡ፤ አጠገቡ ተቀምጠው ጭንቅላቱን ደረታቸው ላይ አስደገፉት። እሳቸውም ያለቅሳሉ።

«አይዞህ ልጄ» አሉት፤ «ሐሳብህ ነው።»