ወደ እሳተ ገሞራው ሸለቆ በሳይክል

(ሳን ሆዜ፣ ቅዳሜ ማለዳ። ከነዳጅ ማደያው ጥግ፣ ከአውቶቡስ መጠበቂያው ወንበር አጠገብ፣ መንገሻ አዲሱን የተራራ ሳይክሉን ደግፎ ቆሟል። ሚልፒታስ ከተማ ባለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ስድስት ዓመት በሌሊት ፈረቃ የሠራ፣ ያልሠራውንም ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነው። ሄልሜቱን ከቤቱ ጀምሮ አጥልቋል። ሳይክል ነጂዎች የሚለብሷትን ስፖንጅ ያላት ቁምጣ ደግሞ ለጨዋነት ብሎ ከሱሪው በላይ አድርጓታል። ደግነት በዲቪ ከመጣ ዓመት አልሞላውም፤ እነመንገሻ ቤት አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፣ የሚሠራውም እዚያው ፋብሪካ ነው። የስንቅ ከረጢቱን መሬት አስቀምጦ ከመንገሻ ሳይክል ኮርቻ ጋር ይታገላል።)

መንገሻ፦ ዝቅ አድርገው አልኩህ እኮ!

ደግነት፦ ዝቅ አደረግሁት፣ ጋሼ።

መንገሻ፦ ይሄ ዝቅ ይባላል? የተራራ ሳይክል ኮርቻ ቁልቁለት ላይ ዝቅ ይላል፣ ዳገት ላይ ከፍ ይላል። ሕጉ ይኸው ነው።

ደግነት፦ አሁን ያለነው ሜዳ ላይ ነዋ።

መንገሻ፦ እና?

ደግነት፦ ሜዳ ላይ ምን ይላል?

መንገሻ፦ (ትንሽ አሰብ አድርጎ) መሀል።

ደግነት፦ መጀመሪያ መሀል ነበር እኮ፣ ጋሼ። እርስዎ ነዎት ፍታው ያሉኝ።

መንገሻ፦ ያኔ መሀል የነበረው በአጋጣሚ ነው። አሁን ግን አውቀን ነው መሀል የምናደርገው። እሰረው! እንዲህ እየተከራከርክ አለቃችን ሪክ ቢደርስብን ደስ ይልሃል?

ደግነት፦ (ብሎኑን እያጠበቀ) ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ያቺ ቁምጣ ከሱሪው በታች አይደለም የምትለበሰው?

መንገሻ፦ ፈረንጅ ነው ከበታች የሚለብሳት። ሱሪ የለውማ! ይልቅ መንገዱን ላሳይህ፤ እዚያ ደርሰህ እንደጠፋ በግ እንዳትንከራተትብኝ። ከረጢቱን ወዲህ በል። (ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝና ዳቦ አውጥቶ ወንበሩ ላይ ይደረድራል።) በል እይ። ናፓ ሸለቆ ማለት ይኸውልህ።

ደግነት፦ ዳቦው?

መንገሻ፦ ዳቦው የምሥራቁ ሸንተረር ነው። ሙዙ ወንዙ ነው። እንቁላሎቹ እሳተ ገሞራ ናቸው።

ደግነት፦ (ብድግ ብሎ) እሳተ ገሞራ? እሳት ያለበት ቦታ ነው እንዴ የሚኬደው?

መንገሻ፦ ሞቷል! ከሞተ ስንትና ስንት ሚሊዮን ዓመት አልፎታል።

ደግነት፦ ነፍስ ይማር።

መንገሻ፦ ያኔ የተፋው አመድና ድንጋይ ነው ሸለቆውን እንዲህ ያደረገው። ድንጋዩ ስል ነው፣ ጎማ አይምርም። ለዚህ ነው ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ የያዝኩት። ከላይኛው ጫፍ ካሊስቶጋ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ፍል ውሃ ከመሬት እየፈላ ይወጣል።

ደግነት፦ እሳቱ ከሞተ ታዲያ ውሃውን ማን ያፈላዋል?

መንገሻ፦ ከውስጥ ነዋ።

ደግነት፦ ውስጡ ሳይሞት ሞተ ይባላል?

መንገሻ፦ ሳይንስ ነው! ሳይንስ ውስጥ አትግባ። መንገዱ ሦስት ነው። አንደኛው ወንዙን ይዞ፣ በወይን ተክል መሀል፣ ሜዳ ሜዳውን። እሱ የሽማግሌና የሕፃን ነው። ሁለተኛው በድሮ ማዕድን አውጪዎች የጋሪ መንገድ ሽቅብ፤ እዚያ ማርሹን ወደ ትንሹ ጥርስ ታወርደዋለህ። ሦስተኛው በእሳተ ገሞራው ትከሻ ዞሮ ቁልቁል። የኋላውን ፍሬን ቀድመህ፣ የፊቱን ለስለስ አድርገህ ነው የምትይዘው። የፊቱን ብቻ የያዝክ ቀን ወንዙ ውስጥ ነው የምትገኘው።

ደግነት፦ እርስዎ በየትኛው ሄደው ያውቃሉ?

መንገሻ፦ በካርታ በሦስቱም።

ደግነት፦ ዋናው ሪክ የሚሄድበትን ማወቁ ነው። ሪክ እኮ ለእኔ…

መንገሻ፦ ሪክን ለእኔ ተውልኝ! ስድስት ዓመት አለቃዬ ነው፤ የሚስቱን ድመት ስም ሳይቀር አውቃለሁ። ሪክ ሰው የሚመዝነው ዳገት ላይ ነው። ፋብሪካው ውስጥ ዝም ብሎ ያይሃል፣ ውሳኔውን ግን ሳይክል ላይ ሆኖ ይወስናል። አሁን ደግሞ የቀን ሺፍት ሊድ ቦታ ተለቋል። ሊድ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?

ደግነት፦ አላውቅም።

መንገሻ፦ መስመሩን የሚመራ ነዋ! ሌላው ነጭ ጋዋን ሲለብስ እሱ ሰማያዊ ይለብሳል። ጠዋት ገብቶ ማታ ይወጣል፣ እንደ ሰው።

ደግነት፦ ሰማያዊ ነው ያሉት?

መንገሻ፦ (ሳይሰማው) ልጄ ሊሊ ስምንት ዓመቷ ነው። እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች፣ እኔ ስወጣ እሷ ትተኛለች። በቀደም አስተማሪዋ አባትሽ ምን ይሠራል ብላ ብትጠይቃት ምን እንዳለቻት ታውቃለህ? "ሂ ስሊፕስ።" ይተኛል ማለቷ ነው። ይሄን ነው የሠራሁት ስድስት ዓመት ሙሉ።

(መንገሻ ያልላላውን የሄልሜት ማሰሪያ ያጠብቃል። ደግነት አንዱን እንቁላል አንስቶ ይልጥና ይገምጣል።)

መንገሻ፦ ምን እያደረግክ ነው?

ደግነት፦ ቁርስ አልበላሁም።

መንገሻ፦ እሳተ ገሞራውን እኮ በላኸው! አሁን ሦስተኛውን መንገድ በምን ላሳይህ ነው?

ደግነት፦ (አፉ እንደሞላ) ሞቷል አላሉኝም?

መንገሻ፦ ከአንተ ጋር ዳገት መውጣት ትልቅ ፈተና ነው የሚሆንብኝ። ደግሞ ቫኑ ሲመጣ እንዳትቀድመኝ። እኔ መጀመሪያ እገባለሁ፣ ከዚያ ለሪክ ይሄ ልጅ ከእኔ ጋር ነው፣ እቃ ይይዝልናል እለዋለሁ።

ደግነት፦ (ግራ ተጋብቶ) እርስዎም ይሄዳሉ እንዴ?

መንገሻ፦ ታዲያ ይሄን ሁሉ የታጠቅሁት ለጥምቀት ነው?

ደግነት፦ እኔ እኮ ሊሸኙኝ የመጡ መስሎኝ ነው።

መንገሻ፦ (ከት ብሎ እየሳቀ) ልሸኝህ! አይ ደግነት! ሪክ ባለፈው ሳምንት ካፍቴሪያ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ቅዳሜ ናፓ በሳይክል እንሄዳለን፣ ትመጣለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ እኔን ነው።

ደግነት፦ እሺ አሉት?

መንገሻ፦ "ኖ ቴንክ ዩ፣ አይ አም ቢዚ" አልኩት።

ደግነት፦ እምቢ አሉት?

መንገሻ፦ እምቢ ማለት ሌላ፣ አለመቸኮል ሌላ! ሰው ገና አንዴ ሲጠየቅ ዘሎ እሺ ይላል? አሳዳጊ የበደለው ነው የሚባለው። አንዴ ይጠይቅሃል፣ አይ ይቅርብኝ ትላለህ። ሁለተኛ ሲጠይቅህ አላስቸግርም ትላለህ። ሦስተኛው ላይ፣ እንግዲህ ካልክ ብለህ ትነሳለህ። ሪክ ከሐበሻ ጋር ስንት ዓመት ኖሯል፤ ወጉን ያውቃል።

ደግነት፦ ሁለተኛ ጠየቀዎት?

መንገሻ፦ ዛሬ ነው የሚጠይቀኝ። ከማደያው ጥግ ቆሞ ሰው እንደሚያነሳ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚህ ሰፈር ፋብሪካው የሚሠራ ማን አለ? እኔና አንተ። አንተን ሊወስድ ነው እንግዲህ?

ደግነት፦ አዎ።

መንገሻ፦ ምን አዎ?

ደግነት፦ እኔን ሊወስድ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ልነግርዎት ብል አላስጨርስ አሉኝ እንጂ። እኔንም ጠይቆኛል።

መንገሻ፦ አንተን በምን ቋንቋ? እንግሊዝኛህ ገና በመርከብ እየመጣ ነው!

ደግነት፦ ለዚያ እኮ ነው ዬስ ያልኩት። ኖ ብለው ዋይ ይላል፤ ምክንያቱን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ሊመጣ ነው። ዬስ የተባለ ሰው ግን ሌላ ጥያቄ አይጠይቅም። ሳይክልም ራሱ አመጣልሃለሁ አለኝ።

(መንገሻ ሳይክሉን ተደገፈ።)

መንገሻ፦ ምንም አይደለም። ጉዞ ጉዞ ነው፤ ዋናው ሊድነቱ ነው። እሱን መቼም ለአንተ አይሰጥም።

ደግነት፦ ጋሼ፣ ያ ሰማያዊ ጋዋን…

መንገሻ፦ ምን ሆነ?

ደግነት፦ ሐሙስ ለት ሪክ ጠርቶ ብዙ ነገር አወራኝ። መጨረሻው ጥያቄ ይመስል ነበር፣ ዬስ አልኩት። ሰማያዊ ጋዋን ሰጠኝና ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት ና አለኝ። ነጩ አልቆባቸው መስሎኝ ነበር።

መንገሻ፦ (ወንበሩ ላይ ዘጭ ብሎ፣ የምሥራቁን ሸንተረር ተቀምጦበት) ረቡዕ ለት እኔን ጠይቆኝ ነበር እኮ።

ደግነት፦ ሊድ ሁን ብሎ?

መንገሻ፦ ሊድ ሁን ብሎ።

ደግነት፦ ምን አሉት?

መንገሻ፦ ምን ይባላል? "እኔ አልበቃም፣ ከእኔ የተሻለ ሰው አይጠፋም" አልኩት። "ኦኬ" ብሎኝ ሄደ። ልመናውን ለማግስቱ ያሳደረው መስሎኝ ስጠብቀው ነበር።

ደግነት፦ ከመስመራችን እትዬ ያለምዘውድንም ጠይቋት ነበር አሉ። "ምን እውቀት አለኝ ብለህ ነው" አለችው። ገብረ ሥላሴም "ታላላቆቼ እያሉ" አለው። መስመሩ ሁሉ ሐበሻ ነው፤ ሁሉም አልበቃም ሲል ጊዜ ነው መሰል እኔ ጋ የደረሰው።

መንገሻ፦ በጨዋነት ተበላሁ! ስድስት ዓመት የጠበቅሁትን ቦታ "ኖ ቴንክ ዩ" ብዬ ሸኘሁት! አሁን ሊሊን ምን እላታለሁ? የማታና የሌሊት ነገር አበቃ ብያት ነበር እኮ።

ደግነት፦ ጋሼ፣ ሌላ ቦታ ይለቀቅ ይሆናል። ያኔ እንግዲህ…

መንገሻ፦ (ብድግ ብሎ) ያኔ አይደለም፣ ከዛሬ ጀምሮ! ሁለተኛ አይ የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። ሪክ አፉን ሳይከድን ነው ዬስ የምለው።

ደግነት፦ ጥያቄውን መጀመሪያ ይስሙታ።

መንገሻ፦ የገደለኝ መስማት ነው! አንተ መች ሰምተህ ነው ሰማያዊ የለበስከው?

(ጣሪያው ላይ ሳይክሎች የታሰሩበት ነጭ ቫን ከማደያው ጥግ ታጥፎ ይቆማል። አለቃቸው ሪክ በመስኮቱ ብቅ ይላል። የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው።)

ሪክ፦ ደግነት! ቶሎ ግባ፣ ኦክላንድ የሚጠብቁን ሰዎች አሉ። ኦ፣ መንገሻ! አንተም እዚህ ነህ? ጥሩ ሆነ፣ እንዲያውም አንድ ነገር ልጠይቅህ…

መንገሻ፦ ዬስ!

ሪክ፦ ገና አልጠየቅሁህም እኮ።

መንገሻ፦ ዬስ፣ ሪክ! ቨሪ ዬስ!

ደግነት፦ (ጎኑን ጎሸም እያደረገው) ጋሼ፣ ኧረ ያስጨርሱት።

መንገሻ፦ ዝም በል! (ወደ ሪክ ዞሮ፣ ሳይክሉን ወደ ቫኑ እየገፋ) ዬስ፣ ሹር፣ ኖ ፕሮብለም!

ሪክ፦ አዳንከኝ! ደግነት ከሰኞ ጀምሮ ቀን ስለሚገባ የሌሊት ቦታውን የሚይዝ ሰው አጥቼ ተጨንቄ ነበር። ዛሬና ነገም ግባልኝ፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ሰው እስካገኝ የእረፍት ቀንህን እየሠራህ ትቆይልኛለህ።

(መንገሻ ባለበት ቆመ። ደግነት ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቫኑ ውስጥ ገባ።)

መንገሻ፦ ሪክ… አይ ሚን… ማለቴ…

ሪክ፦ (ሞተሩን እያስነሳ) እውነቴን ነው መንገሻ፣ እሺ ትለኛለህ ብዬ አልጠበቅሁም። እምቢ ብትለኝ ኖሮ፣ በል እንግዲያው ከእኛ ጋር ና ልልህ ነበር። አንድ ወንበር ባዶ አለኝ።